በአምፖል ብርሃን ለተመረመረው መስኮታችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበረው የፍትሐ ብሔር ችሎት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የችሎቱን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። ክቡራን ዳኞች እንደምን ከረማችሁ፤ የችሎቱን ጸሐፊ ይዟቸው የነበረው ጉንፋን ለቀቃቸው ወይ፤ በር ላይ ያለው የባለጉዳይ አግዳሚ ወንበርስ እግሩ ተጠገነለት ወይ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስል ማንም አልታመመም፣ ማንም አላለቀሰም፣ ራትም በሰዓቱ ይበላል ማለቴ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ለመክሰስ አይደለም፤ ክስ ምን እንደሆነ አይተነዋል። እንዲህ ያለ ፍርድ ተቀብሎ ሳያመሰግኑ መቅረት ነውር ነው ብዬ እንጂ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል፤ የምትሰማው የሰው ከንፈር እያየች በዓይኗ ነው። ከመስኮቷ ሥር ወንበር አላት። እሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ትሰጣለች፣ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ይቀመጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእሷ አይሠራም ነበር፤ ስለ እሷ የተንሾካሾከ ሁሉ፣ ከክፍሉ ማዶም ቢሆን፣ እዚያው መልሱን ያገኛል። የወንድሜ ሚስት ይህን የተረዳችው ዘግይታ ነው። ከዚያ ጎረቤታችን ባለመጋዘኑ፣ እጅ ቢዘረጉ በሚነካ ርቀት፣ የመጋዘኑን ግድግዳ ከጣሪያችን በላይ አቆመው። ክፍሉ ጨለመ፤ እናቴም ከጨዋታ ወጣች። ክሳችን ይኸው ነበር። ምስጋናዬም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

፩. ስለ ላካችሁልን ባለሙያ። ክፍሉ በቂ ብርሃን ያለው መሆን አለመሆኑ ተጣርቶ እንዲቀርብ ባዘዛችሁት መሠረት የመጡት ባለሙያ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። እናቴን እጅ ነሡ፣ ሜትራቸውን መስኮቱ ላይ ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉና ወደ እህቴ ዞረው፣ «እህቴ፣ እስቲ መብራቱን አብሪልኝ፤ ቁጥሩ አልታይ አለኝ» አሏት። እህቴ እንግዳን እምቢ ማለት አልተማረችም፤ አበራችላቸው። እሳቸውም መርቀዋት ጻፉ። ሪፖርታቸው ክፍሉ ለማንበብና ለመጻፍ በቂ ብርሃን እንዳለው ይገልጻል። ሐሰት የለውም፤ እዚያው አንብበዋል፣ እዚያው ጽፈዋል። እህቴ ከዚያ ወዲህ ማብሪያውን በነካች ቁጥር ጣቷ ትንሽ ይዘገያል።

፪. ስለ ጭብጡ። አምፖል ከጣሪያ ላይ ሲበራ የሰው አፍንጫ በገዛ ከንፈሩ ላይ ጥላ እንደሚጥል፣ እናቴም ብርሃን የፈለገችው በመርፌ ክር ልታስገባ ሳይሆን ልትሰማ እንደሆነ ተነሥቼ ሳስረዳ፣ የመሐል ዳኛው እስክጨርስ በትዕግሥት ጠብቀውኛል። ከዚያም የክስ አቤቱታችን ስለ ብርሃን እንጂ ስለ መስማት አንዲት ቃል እንደሌለው፣ መስማትን በዚህ ደረጃ ማንሣትም አዲስ ክርክር እንደሆነ ነገሩኝ። ልክ ናቸው። መጀመሪያ ቃሉ ነበረበት፤ እኛው ነን ያስወጣነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ፣ «የመስኮት ክስ ውስጥ ጆሮን ምን አገባው፣ ዳኛ ይስቅባችኋል» ብለው መክረውን ነበር። ማንም ስላልሳቀብን እሳቸውንም አመሰግናለሁ።

ወንበሯን ለምን ወደ ደጅ አታወጡላትም ብለው የጠየቁት ሌላው ዳኛም አሳቢነታቸው አይረሳም። እናወጣለን። ሰው ግን ደጅ ተቀምጦ ሰላምታና የአየሩን ነገር ያወራል እንጂ ገበናውን አያወራም። እናቴ አሁን ስለ አየሩ በቂ እውቀት አላት።

፫. ስለ ጎረቤታችን። ባለመጋዘኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት በዚያው መስኮት በኩል እናቴን ሳይጠይቃት አያልፍም ነበር። በክርክሩ ቀን ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «እማማ ከሚቸገሩ ከላይ ጥቂት ረድፍ ላወርድ እችላለሁ፤ ብቻ ፍርድ ቤቱ አውርድ ይበለኝ፣ ወንድሞቼ በገዛ እጅህ አፈረስከው እንዳይሉኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ችሎቱ የተጠየቀውን ብቻ እንዲመልስ፣ እርቅ ከፈለገም በጊዜው ማመልከት እንደነበረበት ገልጾ አስቀምጦታል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባይኖር ኖሮ ጉዳዩ እዚያው አልቆ፣ ፍርድ የሚባል ነገር ሳናይ እንቀር ነበር። አሁን ወንድሞቹ የፍርዱን ግልባጭ በመስታወት አስገብተው መጋዘኑ ውስጥ ሰቅለውታል፤ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። እሱ ራሱ ሲያገኘን መሬት መሬት እያየ ያልፋል። እናቴ ከንፈሩን ማየት ካልቻለች ደግሞ ሰላምታውም አይደርሳትም።

፬. ስለ ፍርዱ ንባብ። እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠች። ያነበቡት ዳኛ ፊታቸውን በመዝገቡ ጀርባ አድርገው ስለነበር እናቴ አፋቸውን ፍለጋ ወደ ቀኝ አዘመመች፣ ወደ ግራ አዘመመች፤ ሥርዓት አስከባሪውም ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ በምልክት አሳዩዋት። ይህኛው በደንብ ገብቷት ቀጥ አለች። በመዝገቡ ላይ ከሳሽ በችሎት ተገኝታ ፍርዱን ሰምታለች ተብሎ ተጽፏል።

የቀድሞ ሰዎች በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይሉ ነበር። የእኛ መስኮት በፍርድ የሄደች ስለሆነች እንዳናዝን ሞክረናል፤ ሆኖልናልም። ቤታችን ውስጥ በዚህ ነገር የሚያዝን አላየሁም። የሚያወራም አላየሁም።

እናቴ በመንገድ ላይ አልጠየቀችኝም፤ ገበና በመንገድ አይወራም። ቤት ገብታ፣ ልብሷን ሳትቀይር፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና «እህስ፣ ምን አሉ?» አለችኝ። ክሱ ውድቅ መሆኑን፣ ግድግዳው ባለበት እንደሚቆም፣ ቀስ ብዬ፣ አፌን እየከፈትኩ ነገርኳት። አምፖሉ በርቷል። አፌ ባለበት በኩል ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ እኛን ላለማስቸገር ባመጣችው አዲስ ልማድ እንደ ሰማ ሰው ራሷን ነቀነቀችና «ጥሩ ነው፤ ዋናው ማለቁ ነው» አለች።

በማግስቱ ወንበሯን አዙራ ፊቷን ወደ መስኮቱ ሰጥታ አገኘናት። ግንበኞቹ መቼ መጥተው ግድግዳውን ማውረድ እንደሚጀምሩ እህቴን ጠየቀቻት። እህቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ግድግዳው አየሁ። እናቴ እስከ ዛሬ እንደዚያው ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ከእኛ አንዳችንም ፀሐይ ላይ አውጥተን አልነገርናትም።

ለችሎቱ ረጅም ዕድሜ፣ ለመዝገብ ቤቱ ሰፊ መደርደሪያ፣ ለዳኞቹም በየቢሮአቸው ፊት ለፊት ክፍት ሰማይ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

ፍርዱ ገብቶት ለእናቱ ማስረዳት ያቃተው የከሳሽ ታናሽ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ከክቡራን ዳኞች አንዳችሁ በሰፈራችን የምታልፉበት ቀን ቢኖር፣ በጠራራ ፀሐይ ብቅ ብትሉልን እናቴን ወደ ደጅ እናወጣታለን። መዝገቡን ከፊታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከንፈራችሁ እየታየ፣ ፍርዱን ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡላት። ስትጨርሱ ቀና ብላችሁ ፊቷን እዩልን፤ እኛ ማየቱን አልቻልንም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ቃልም ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።