ስሙ የማይጠራው ዛፍ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 3

ቆርጠውታል። ክብረ መንግሥት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የግቢውን በር ከፈትኩና ብርሃኑ በዛብኝ። ለካ ጥላው የለም። ባለቤቴ የተከለው ዛፍ፣ ከጣሪያው በላይ የነበረው፣ ደረቴ ድረስ ብቻ የሚደርስ ጉቶ ሆኖ ቆሟል። ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተከምሯል፤ ቅጠሉ ገና በቅጡ አልጠወለገም።

የሄድኩት ለሁለት ቀን ነው። እንዲቆረጥ ያዘዝኩት ደግሞ ፓፓያውን ነበር፤ ያን ወንዴ ፓፓያ፣ አበባ እንጂ ፍሬ የማያውቀውን፣ በዚህ ድርቅ ውሃ የሚሻማብንን። እሱ አጥሩ ጥግ በሰላም ቆሟል።

የቆረጡት ኦቦ ገልገሎ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ዛፍ ሲያስቆርጥ የሚጠራቸው ሽማግሌ። መልእክቴን ያደረሰችላቸው ምራቴ ዳርሚ ናት፤ ሲቆርጡት ግን ጤና ጣቢያ ሄዳ አልነበረችም። ልጄ ብሩክ ሞያሌ ሥራ ላይ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። እንደዚያም ሆና ጮህኩባት።

«አንዲት ቃል መጥራት አቅቶሽ የሰውዬውን ዛፍ አስቆረጥሽው» አልኳት።

ራቷን ይዛ ክፍሏ ገባች።

እሑድ፣ መጋቢት 4

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ልቤ ግቢዬ ነበር። ስመለስ ኦቦ ገልገሎን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንደ ወትሯቸው «ናጋ?» አሉኝ። ደህና እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው፤ ለምን ቆረጡት አልኩ።

«ወንዱን ቁረጥ ተባልኩ። እዚህ ግቢ የወንድ ስም ያለው ዛፍ የቱ ነው? ሽፈራው ነዋ» አሉ።

ፓፓያ ወንድና ሴት እንዳለው አያውቁም ኖሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ማታ እስቅ ነበር።

እንግዲህ ስሙን ልጻፈው። ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለን የምንበላው፣ አንዴ ከተተከለ ዓመት እስከ ዓመት የሚመግበው ይህ ዛፍ ስሙ ሽፈራው ነው። ባለቤቴም ሽፈራው ነበር። ለግብርና ሥራ ነገሌ የተመደበ ጊዜ ችግኙን ይዞ መጣና «ሞክሼዬ ነው» ብሎ በገዛ እጁ ተከለው። ባለቤቴ አምና ዐረፈ።

ዳርሚ ጉጂ ናት። በእነሱ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን የተሸከመ ነገርም ቢሆን። ቅጠሉን እንኳ «ያ ጎመን» ነው የምትለው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «ዛሬ የሠራሽልን ጎመን ምን ይባላል?» እያለ ያሾፍባት ነበር፤ እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እና እንዴት ብላ «ሽፈራውን አይንኩ» ትበላቸው?

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ግቢውን ዞሬ አየሁ።

ማንጎው፦ ቅጠሉ ተጠቅልሏል።
የእርግብ አተሩ፦ የጎረቤት ፍየል ጨርሶታል።
ካዛቫው፦ አለ። እሱ ግትር ነው።
ሙዙ፦ የዕቃ እጣቢ ስለሚደርሰው ይተነፍሳል።

ለድስት የሚሆን ቅጠል ግን የለም። ገበያም ጎመን ከጠፋ ሰነበተ። ነርሷ ዳርሚን ደምሽ ትንሽ ነው፣ አረንጓዴ ቅጠል አብዢ ብላታለች፤ እስከ ዛሬ ያበላናት ከዚህ ዛፍ ነበር። ዛፉ ካልተነሳ ምን ላበላት ነው? ለሟቹ ብዬ ለዛፉ ሳለቅስ ቆየሁ፤ በሕይወት ያለችውን ግን ረሳኋት።

የወደቀውን ቅጠል ሸምጥጬ ጥላ ላይ አሰጣሁ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ጉልበቱ ይጠፋል ይል ነበር ባለቤቴ። ዳርሚ መጣችና ከጎኔ ተቀምጣ ትሸመጥጥ ጀመር። እስከ ምሳ ጨረስነው።

ከሰዓት ኦቦ ገልገሎ ሳይጠሩ መጡ። እበትና ጭቃ ለውሰው የጉቶውን አናት ቀቡት። ለፍየል መኖ ሲቆርጡት መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ነገሩኝ። ሲወጡ ደግሞ «ዝናብ ካለ» ብለው ጨመሩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ዕቃ ሳጥብ ትዝ አለኝ። እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ።

የሄድኩ ዕለት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሚኒባሱ በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥያለሁ። ለዳርሚ ያልኳት እንዲህ ነው፦ «ወንዴውን ይቁረጡ፣ ያን ዛፍ እንዳይነኩ።»

ያን ዛፍ። ሽፈራውን አላልኩም። ከተስካሩ ወዲህ ብዬው አላውቅም። እሷን ወጓ ከልክሏታል፤ እኔን ማን ከለከለኝ? ስጠራው የማይመልስልኝ መሆኑን ስለምፈራ ነው።

ዳርሚ የነገርኳትን ነው ያደረሰችው። ይህን ዛሬውኑ መንገር ነበረብኝ። ፈሪ ነኝ፣ ዝም ብዬ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ነገርኳት። ቅጠሉን እያገላበጥን ሳለ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ስሙን እኔም እንዳልጠራሁት ነገርኳት።

እጇን ከቅጠሉ አነሳችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ እርስዎም እንደኛ ወጉን የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። ለእሳቸው ክብር ብለው» አለች።

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ ለልጁ ጥሩ አይደለም ተባብለን ተውነው። ራት አብረን በላን። ወንዴው ፓፓያም ዛሬ ተቆረጠ፤ ኦቦ ገልገሎ መጥረቢያቸውን ከማንሳታቸው በፊት ሦስት ጊዜ በጣታቸው እያሳዩ ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ምንም የለም። የፓፓያውን ድርሻ ውሃ ለጉቶው እየሰጠነው ነው፤ ዕቃ ያጠብንበትን፣ እግር የታጠብንበትን፣ ሁሉንም። ልጡን በጥፍሬ ጫር አድርጌ ለማየት ዳዳኝና ተውኩት። ቢደርቅስ?

ደመና መጥቶ ወደ ቦሬ አለፈ። በጋሪ የምንገዛው ውሃም አልመጣም። ዳርሚ ጠዋት ራሷን አዞራት። የደረቀውን ቅጠል ወቅጬ ገንፎዋ ውስጥ ጨመርኩላት፤ ጨርሳ በላችው። አድርቀን ጆንያ ውስጥ ካስቀመጥነው የቀረው ግን ብዙ አያቆየንም።

ሰኞ፣ መጋቢት 19

ገና ፊቴን ሳልታጠብ ዳርሚ ከጓሮ ጠራችኝ። ምጥ መስሎኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

ጉቶው አጠገብ ቆማለች፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ። በሌላው እጇ፣ ጭቃው ከተሰነጠቀበት በታች፣ ታሳየኛለች።

«እማዬ፣ እሳቸው አቆጥቁጠዋል» አለች።

እሳቸው! ዛፉን አንቱ አለችው።

ሦስት ናቸው፤ የምስር ፍሬ የሚያክሉ፣ አረንጓዴ። በጣቴ ልነካቸው ፈለግኩና እጄን ሰበሰብኩ። ሰማዩ እንደ ትናንቱ ባዶ ነው፤ ከጀሪካኑ የቀረው ውሃ ለዛሬ ብቻ ይበቃል። ቅጠሉ ለዳርሚ በጊዜ ይድረስ አይድረስ አላውቅም።

ዳርሚ ውሃ ልታመጣ ወደ ቤት ስትገባ ለብቻዬ ቀረሁ። ጎንበስ አልኩና ጠራሁት።

«ሽፈራው» አልኩ።

ዳርሚ በሩ ላይ ጣሳውን ይዛ ቆማ ነበር። የሰማች አልመሰለችም። መጥታ ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችለት።