ጌትዬ የሸሸው ድምፅ

ውድ ሚጣ፣

…እጅሽ ብቻ ነበር የሚታየው። እሱም እጅ አይመስልም፤ የጥንብ አንሳ ራስ አስመስለን የሰፋነው ጓንት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክከሽ በቀዳዳው ሥጋ ታጎርሺዋለሽ። ጫጩቱ ሰው የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ የለበትም። ፊት አናሳይም፤ አንናገርም። ሕጋችን ይኸው ነበር።

አንቺ ግን ተናገርሽ። «ብላ እንጂ ጌትዬ፣ ማን ይለምንሃል?» ስትዪው በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

አደገ። ክንፉ ክፍሉን ሞላው። ድምፅሽን ግቢው ውስጥ በሰማ ቁጥር ሽቦው ላይ ተለጥፎ ይጠብቅሽ ጀመር። የግቢው ዘበኛ «እኔን ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትጠብቀኝም» ብሎ ሳቀ። የእንስሳት ሐኪሙ አልሳቀም። ተራራው ላይ ከአያታችን ዘመን ወዲህ የዚህ ዘር አንድም አልቀረም፤ ተመልሶ የሚለቀቅበት የመጀመሪያው እሱ ነበር። «ሰው የለመደ ወፍ ብንለቅ መንደር ይወርዳል፣ አንዱ በጥይት ይጥለዋል» አለ። «ሰውን መሸሽ ካልተማረ ዕድሜውን እዚሁ ሽቦ ውስጥ ይጨርሳል።» አንቺን ወደ ከተማው ቢሮ አዛወሩሽ። እሱን ለኔ ተዉት።

እኔም እኮ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ተንበርክኬያለሁ። ያንኑ ጓንት አጥልቄ፣ ያንኑ ሥጋ ይዤ፣ አፌን ዘግቼ። አንድ ቀን እንኳ አንገቱን ወደኔ አላዞረም። እማዬም ሁለታችንን ስትጠራ ያንቺን ስም ነበር የምታስቀድመው። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ስልኬ ላይ የላክሽው የድምፅ መልእክት ነበር። «እታለም፣ አንሺ እንጂ። ጌትዬ በላ? አንድ ቀን ብቻ ልየው፣ ከሩቅ። እባክሽ።» አልመለስኩልሽም። ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት።

«እታለም» ስትዪ ቀና አለ። መጣ። ሽቦው ጋ ሲደርስ የውሃውን ጎማ ደረቱ ላይ ለቀቅሁበት፤ ዘበኛው ቆርቆሮ ደበደበ። እንደገና «እታለም»። እንደገና መጣ። በሌላውም ቀን መጣ። ዘበኛው «ኧረ ይበቃዋል ልጄ» ብሎ ዱላውን ጣለ። አንስቼ ቀጠልኩ። ለማስፈራሪያ የሐኪሙ ድምፅ ነበር፣ የኔም ነበር። ያንቺን የመረጥኩት የሚወደው እሱን ስለሆነ ነው። ይህ እውነት ነው። ሙሉው እውነት ይሁን አይሁን፣ እንጃ።

ሐኪሙ ስንለቀው በሚወደው ድምፅ ይፈተን አለ። ደውዬ ነይ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። በደስታ አለቀስሽ።

ዛሬ ጠዋት፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ ሳጥኑ ተከፈተ። ወጥቶ ቆመ።

«ልጥራው?» አልሽኝ።

«ጥሪው።»

«ጌትዬ» አልሽ፣ በቀስታ።

ራሱን ወደ ገደሉ ወረወረ። ክንፉ ድንጋዩን መታው፤ ላባ ተበተነ። ከዚያ ነፋሱ ተቀበለውና ወደ ማዶው ተራራ ጠፋ። ሐኪሙ አጨበጨበ። አንቺም አጨበጨብሽ።

«ደስ ብሎት ነው አይደል?»

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ «ደስታ አይደለም የኔ ልጅ። ድምፅሽን ሲሰማ ነው እንዲህ የሚሆነው» አለ።

«የኔን? ለምን?»

ሐኪሙም ዘበኛውም ወደኔ ዞሩ። አፌን ዘጋሁ። ይህን እችልበታለሁ።

መኪናው ውስጥ ገብተሽ፣ በሩን እንደከፈትሽው፣ ስልክሽን አወጣሽ። ኪሴ ውስጥ የኔው ጠራ። እያየሽኝ ነበር። ጠራ፣ ጠራ፤ አላነሳሁትም። ዝም አለ።

በሩን ዘጋሽው።