የእማዬ መጽሐፍና ስሙን ያላወቅኩት መመሪያ

ለውድ ወንድሜ ለዊልም፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ባለቤትህ ሮዝሜሪስ ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም ወተት ቤት በገባች ቁጥር ታቃስታለች? ልጃችሁ ቲልዳ እንዴት ናት፣ ቁመቷ አንተን አልፎህ ይሆን? እዚያ ማዶ ጸደይ እየገባ ስለሆነ ላሞቻችሁ የሚወልዱበት ሰሞን ነው፤ ኒውዚላንድ ከገባህ ጀምሮ በሴፕቴምበር ደብዳቤ ጽፈህ እንደማታውቅ ስለማውቅ ዝም ማለትህን በክፉ አልተረጎምኩትም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሌ ሃይኮ ጡረታ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ እግሬ ስር ሲርመሰመስ ይውላል። እማዬ ጉልበቷም ጆሮዋም ደህና ነው፤ ምላሷማ ከድሮውም ብሷል። የከፋው ዓይኗ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው።

በጁን በስልክ የነገርኩህን ታስታውሳለህ። የምታነብበት የዓይኗ መሐል እየጠፋ ነው። ዳር ዳሩን ታያለች፣ ድመቷን ታያለች፣ ሃይኮ ብስኩት ሲሰርቅ ታያለች፤ ፊት ለፊቷ ያለው ቃል ግን ይጠፋባታል። ሐኪሟ ወደ ጎን ወስዶኝ፣ «በትልቅ ፊደል ከሆነ እስከ ገና ድረስ ያነቡ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቃል አልገባም» አለኝ። የእሷን መጽሐፍ ደግሞ ገና አልጨረስኩትም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በራሳችን ቋንቋ፣ በሴልተርስክ፣ የነገረችኝን ስጽፍ ነው የከረምኩት፤ በግራ ገጽ የእሷ ቃል፣ በቀኝ ገጽ ቋንቋውን ለማያውቁት ልጆች የጀርመንኛው ትርጉም። ራሷ ሳታነብበው ከታተመ ለእኔ መጽሐፍ አይደለም።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ፤ ብትስቅም አልቀየምህም። ሊር ከተማ ማተሚያ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ አይደል? ፊደሉ ከእርሳስ ብረት በሚሠራበት ዘመን የግራና የቀኙ ገጽ እኩል እንዲሄድ ስንፈልግ በመስመሮቹ መሐል ቀጫጭን የእርሳስ ብረት እንሸጉጥ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋና በኮምፒውተር ፊደል መልቀም ስማር እጄ ያንኑ አደረገ። ጀርመንኛው ባጠረበት ቦታ ሁሉ በእጄ ትንሽ ክፍተት እየሸጎጥኩ እኩል አደረግኩት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ክፍተት! የኮምፒውተሩ ፊደል መልቀሚያ ፕሮግራም ግን እንዲህ እንዲነካካ አልተሠራም፤ ሐሳብህን ትነግረዋለህ፣ ቦታውን የሚያከፋፍለው እሱ ነው። እኔ የድሮ ባለሙያ ነኝና ማን ይንገረኝ?

በጁን ፊደሉን ከአሥራ አንድ ወደ ሃያ ሁለት ሳሳድገው ሁሉም ነገር ተፈረካከሰ። አንዱን መንታ ገጽ ለእማዬ አትሜ አሳየኋት። አጉሊ መነጽሯን ይዛ ግራውንም ቀኙንም ስታይ ቆየችና፣ «በዚህ በኩል ገና ላም እያለብኩ ነው፤ በዚያኛው ተድሬያለሁ እንዴ? አባትሽ እንዲህ ፈጣን ሰው አልነበረም» አለችኝ። ሃይኮ ሻዩ አንቆት ሊሞት ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እስከ ገና ያለውን ሳምንት በሆዴ እየቆጠርኩ ነበር።

በተከታዩ ወር የመጀመሪያ ሐሙስ ኦልደንቡርግ ሄድኩ። የዚህ ፕሮግራም ሰዎች እዚያ አንድ ቢራ ቤት በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ እኔም ስድስት ዓመት አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ችግርህን ስትናገር ከመልስ በፊት የምትጠየቀው «መመሪያውን አንብበሃል?» ተብለህ ነው። ፕሮግራሙ በሺህ የሚቆጠሩ መመሪያዎች ይዞ ይመጣል፤ አንዱን ለመክፈት ትእዛዝ በሚጻፍበት በጥቁሩ የኮምፒውተር መስኮት ላይ ስሙን ትጽፋለህ። ስሙን ካላወቅህ በሩ ዝግ ነው። ፕሮግራሙን ያስተማሩኝ የድሮው የፊዚክስ መምህር፣ አቶ ሉበርስ፣ ቢራቸውን ሳያስቀምጡ፣ «እህ ጌሲና፣ መመሪያውን አንብበሻል?» አሉኝ። «የትኛውን?» ብላቸው «እሱማ ስሙን ስታውቂ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን ሁሉ አሳቁብኝ።

እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ መመሪያዎቹን በየርዕሱ እየዘረዘረ በመዳፊት ጠቅ ስታደርገው የሚከፍት አንዲት ፕሮግራም አብራ ትመጣ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሒሳብ መጻሕፍት የምታዘጋጀው ፍራውከ ዓይኗን ገልብጣ፣ «ኧረ በስማም! እሷማ ለሰነፍ ነው የተሠራችው። አንቺ እርሳስ የለቀምሽ ሴት በመዳፊት ጠቅታ ልትመሪ?» አለችኝ። በዚያ ጠረጴዛ ማንም ሰው ያንን ጠቅ የሚደረግ መስኮት እንደሚከፍት አይናገርም፤ ነውር ነው። እኔም ኩራቴን ተከናንቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በጥቁሩ መስኮት ላይ ስም ስገምት ከረምኩ፤ «ትይዩ» ብል የለም፣ «መንታ ገጽ» ብል የለም። ከእማዬ ዓይን ላይ ሁለት ሳምንት የሰረቅኩት በኩራቴ ነው፤ ይህን ለሌላ ሰው አልጽፍም።

አንድ ቀን ጠዋት እማዬ አጠገቤ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች፤ ሦስተኛውን ጠጥታ፣ በቃኝ ለማለት ማንኪያዋን ኩባያው ውስጥ ስላላኖረች ጨምሬ ቀዳሁላት። «ምን ሆነሽ ነው እንደ ፈረስ የምትተነፍሺው?» አለችኝ። የምፈልገውን ነገር ስሙን አላውቀውም አልኳት። እሷም፣ «ፖስተኛው ፎከን አዲስ የመጣ ጊዜ የግማሹ መንደር ስም አዊክ ነው፣ የግማሹ ቶቤን። ስም ምን ያደርግለታል? ‹ንብ ያላቸው›፣ ‹ቦዩ ዳር ያሉት›፣ ‹ከጎረቤት የማይስማሙት› እያለ ነው ያደለው። አንድም ደብዳቤ አልጠፋም» አለችኝ። የማይስማሙት እነማን ነበሩ ብላት፣ «እኛ ነና!» አለችኝ።

ተነስቼ የመጣው ይምጣ ብዬ ያችን የሰነፍ መስኮት ከፈትኳት። ዊልም፣ ስድስት ዓመት ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጣ ነበር! በግራ በኩል ርዕሶች ተደርድረዋል፦ ሠንጠረዥ፣ ሙዚቃ፣ ሒሳብ፣ ቼዝ፣ የምግብ አሠራር፣ ግጥም። አንዱን ጠቅ ስታደርገው በውስጡ ያሉት መመሪያዎች በየስማቸው ይዘረዘራሉ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ደግሞ ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር ተጽፏል። እማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አለችና እያንዳንዱ ላይ ፍርድ ሰጠች። «ለቼዝም መመሪያ? ሥራ የፈታ ሰው ሞልቷል» አለች። በጽሑፍ መሐል የወፎች ምልክት ስለማስገባት የሚናገር ስናገኝ ደግሞ «እሱን በኋላ ታሳዪኛለሽ» አለች። እንዲህ እየሄድን የጥንት ጽሑፎችና ትርጉሞች የሚል ርዕስ ከፈትኩ፤ ከአራተኛው ስም ጎን «ሁለት ጽሑፎችን በግራና በቀኝ ገጽ እኩል ለማስኬድ» ይላል። የመመሪያው ስም እንኳን በሁለት ሳምንት በሁለት ዓመትም የምገምተው አልነበረም። ጠቅ አደረግኩት፣ ተከፈተ። እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ ብልህ አታምነኝም፤ አልቅሻለሁ።

ዘጠና ስድስት ገጽ ነው። እኔ እንደ ባህላችን ከገጽ አንድ ልጀምር ስል እማዬ፣ «ምሳሌው የት ነው? እሱን አሳዪኝ» አለችኝ። ገጽ ሠላሳ አራት ላይ አገኘነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጉልበት ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ክፍተቶች አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፤ የገዛ ስፌቴን እንደመተርተር ነበር፣ ግን በአሥራ አንድ ቀን ጨረስኩ። ፊደሉን ሃያ ሁለት አደረግኩት፤ ነቅነቅ አላለም። እማዬ በግራ ስታልብ በቀኝም ታልባለች፤ በግራ ስትዳር በቀኝም ትዳራለች። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል ብዬ በሙሉ አፌ እነግርሃለሁ።

በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሐሙስ ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩና መጽሐፉንም መስኮቷንም በሁሉም ፊት ከፈትኩ። ፍራውከ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አየችው፤ ከዚያ «ምሳሌው ገጽ ስንት ነው አልሽ?» ብላ ብዕር አወጣች። አቶ ሉበርስ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «እኔ እንኳን ቤቴ በሩን ዘግቼ ነው የምከፍታት» አሉኝ። እንግዲህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት የተዘጋ በር እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው።

መጽሐፉ ታትሞ ለልደቷ ደረሰ። በሴፕቴምበር አሥራ አራት ቀን፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት በሞላት ጠዋት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አንገቷን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ የመጀመሪያውን ታሪክ ያለ መነጽር ጮክ ብላ አነበበችልን። አንድም ቃል አልሳተችም። ስትጨርስ፣ «ይቺ ሴትዮ ወሬ ታውቃለች» አለች።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። አንዱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር እሽጉ ውስጥ አለ። ሠላሳ አንደኛው ታሪክ፣ ገጽ 118፣ የሄድክበት ዕለት ነው። አንተና አባባ ለአንተ የታሰበው ሜዳ ሳትጠየቅ በመሸጡ የተጣላችሁበት። ለአባባ ቀብር አለመምጣትህን አላነሳም፤ አንዴ ወቅሼሃለሁ፣ ይበቃል። ግን እኔም ያላወቅኩትን ነገረችኝ። ብስክሌትህን ኦክሆልት ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ሄደህ ነበር። በማግስቱ በአውቶቡስ ሄዳ አገኘችው። መቀመጫውን ዝቅ አድርጋ ልትነዳው ትችል ነበር። ግን ሲመለስ በልኩ ያግኘው ብላ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ እየገፋች፣ ሲመሽ እዚህ ራምስሎ ገባች። ሃያ አራት ዓመት ጎተራ ውስጥ በዚያ ብስክሌት ስደናቀፍ ኖሬያለሁ፤ ለምን እንዳይነካ እንደምትከለክለን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

ጀርመንኛውን ተርጉሜ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ጥሩ ነው፤ አጥፊው» አለችኝ። ለምን ስላት፣ «ይኼን የተናገርኩት ለዊልም ነው። እሱ ይተርጉመው። ቋንቋውን ረስቶትም እንደሆነ እንወቀው» አለች። ስለዚህ ገጽ 119 ባዶ ነው። ባዶ ገጽ ሲገኝ ፕሮግራሙ ቀጣዩን ታሪክ ስቦ ሊሞላው ይፈልጋል፤ ቦታው ተጠብቆ እንዲቆይ የሚያደርገውንም በዚያው መመሪያ ገጽ ሃምሳ አንድ ላይ አገኘሁት። የአንተን ቦታ ማንም አይወስድብህም። ጽፈህ ላክልኝ፤ እኔ በሃያ ሁለት ፊደል እለቅመዋለሁ፤ ራሷ ታነበዋለች። ግን ከገና በፊት ይሁን፣ ወንድሜ።

ሮዝሜሪን በእኔ ስም ሳምልኝ፤ ለወገቧ የላክሁላትን የሱፍ መታጠቂያ ታድርገው። ቲልዳን አክስትሽ ትናፍቅሻለች በላት፤ ስለ ወፎች ያለውን መመሪያ ለእሷ አስቀምጬላታለሁ። ሃይኮ ላሞችህንም ሰላም በይልኝ ብሏል። እማዬ ሰላምታዋን በእኔ ብዕር አልሰጥም ብላ ከታች ራሷ ጽፋለች። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል ወርዷል። ዕድሜዬን ሙሉ መስመር ሳቀና የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይኼን ግን አልነካሁትም።

እህትህ ጌሲና
ራምስሎ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2019

መቀመጫው ዛሬም በልክህ ነው። እናትህ።