ከኮርቻው ሥር የቆየው ፊውዝ

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ጣራ ገዳም

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ? እዚያ ዳገት ላይ ውኃ በጀርባህ እንደምታወጣ ከሰማሁ ወዲህ፣ ያ በብርድ የሚጠዘጥዝህ ጉልበት እንዴት እንደሚችልልህ ሳስብ ነው የምውለው። አባቶችስ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ ከሚያፈሰው ጣራችን በቀር ደኅና ነን። እማዬን ሳሉ ለቀቅ አድርጓታል። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ታደርሳለች፣ ስትመለስ እኔን ትቆጣለች፤ ከዚህ በላይ ምን ጤና አለ። ማስተዋል ዓመት ከስምንት ወሯን ያዘች። መሮጥ ጀምራለች፣ መቆም ግን ገና አልተማረችም፤ የሚያቆማት ግድግዳ ነው። አንተን በፎቶግራፍ ታውቅሃለች።

“አባ” ልበልህ ወይስ እንደ ድሮው “አንተ” እያልሁ ተቸግሬ ጎረቤታችንን ብዙነሽን ጠየቅኋት። ባለፈው ወር ልትሳለም መጥታ አይታሃለችና ታውቃለች ብዬ ነው። ገና በአመክሮ ላይ ነው፣ ቆብ አልደፋም አለችኝ። እንግዲያው ቆቡ እስኪመጣ አንተ ነህ፣ አትቀየመኝ። ይህንንም ደብዳቤ የምታደርስልህ እሷ ናት፤ የፍልሰታን ሱባኤ እዚያው ልትይዝ ትመጣለች። ስልክህን ለእማዬ ትተህ ስለሄድህ ሌላ መንገድ የለኝም።

ብዙነሽ ግን ሌላም ነገር ነገረችኝ። ጾሙ ሲፈታ ቆብ ልትደፋ ነው አሉ። እማዬ እልል አለች፣ ወዲያው ደግሞ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ እልልም አላልሁ፣ አላለቀስሁም። ይህን የምጽፍልህ ከዚያ ቀን በፊት እንዲደርስህ ነው። በቀጥታ ልጽፈው ብዬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ስለዚህ በሞተሩ ነገር ልጀምር፤ ሞተር ሲሆን ታዳምጠኛለህ።

ጽሕፈት ቤታችን ለእኔ ሥራ አንድ ሞተር ሊገዛ ነው። ባሌ ደምሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ላም ያዳቅልባቸው የነበሩትን ቀበሌዎች ከተረከብሁ ወዲህ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የሚቆይበትን የናይትሮጂን ማሰሮ ይዤ በባጃጅም በእግርም ነው የምዞረው። ሥራውን ታውቀዋለህ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ቀጠሮ አትሰጥም፤ ጠዋት ከታየባት እስከ ማታ ካልደረስሁ ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው፣ ባለላሙም ሃያ አንዱን ቀን ሙሉ ሲረግመኝ ይከርማል። ኃላፊዬ የምትነጂው አንቺ ነሽና ምርጫውም ያንቺ ነው አሉኝ። ለሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። አየህ፣ በቤታችን ሞተር ያላንተ ተመርጦ አያውቅም፣ አሁን ግን ብቻዬን ነኝ።

ኢድሪስ ሱቅ ሄድሁ። ጓደኛህ ያው ነው፤ ከሚሸጠው መለዋወጫ የሚለግሰው ምክር ይበዛል። ሰላም በልልኝ ብሏል። ሁለት ሞተር አሳየኝ። ሁለቱም ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ ናቸው፣ ለረጅም መንገድ የተሠሩ፣ ከፊት ነፋስ የሚመልስ መስታወት ያላቸው፣ ከኋላ ማሰሮዬን የሚችል ሰፊ መጫኛ ያላቸው። ሰማያዊው ቀለል ይላል፣ ፍሬኑም ተራ ፍሬን ነው። ግራጫው ከበድ ይላል፣ ኤቢኤስ አለው። እንግዲህ ለአንተ ኤቢኤስ ምን እንደሆነ ልንገርህ ብል ለቄስ ልጅ አቡነ ዘበሰማያት ማስተማር ነው። ጎማው ሊቆለፍ ሲል እየለቀቀ እየያዘ የሚያንቀጠቅጠው ያ ነገር ነው።

ቢሮ ያሉት ሁሉ ግራጫውን እንዳትነኪ አሉኝ። ለእኛ ኮረኮንች አይሆንም፣ ቁልቁለት ላይ አይዝም፣ ደግሞስ ከተማው ውስጥ ያለ ጋራዥ ሁሉ ኤቢኤሱ እንዳይሠራ ፊውዙን ነቅሎ የማስጠንቀቂያዋን ቢጫ መብራት በናስትሮ ይሸፍናት የለም ወይ፣ ልታስነቅዪው ለምን ትገዢዋለሽ አሉኝ። ያን ሙያ ለከተማው መጀመሪያ ማን እንዳሳየ አንተም እኔም እናውቃለን። አይክፋህ ወንድም ጋሼ፣ ልወጋህ ብዬ አይደለም። ተመልሼ ወደ ኢድሪስ ሄድሁ።

አንተስ ምን ትላለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ወላሂ እህቴ፣ ኤቢኤስ መላክ አይደለም አለኝ። ኮረኮንች ላይ አንድ ሁለት እርምጃ ያሳልፍሻል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ሳይጥልሽ ያቆምሻል፤ ፈተናሽ የቱ ላይ እንደሚመጣ እኔ አላውቅም አለ። ከዚያ ቁልፎቹን ሰጠኝና ራስሽ ሞክሪው ብሎ፣ አንዱን እኔ አንዱን እሱ እየነዳን፣ እየተለዋወጥን ወጣን።

መጀመሪያ በጋፋት ኮረኮንች ሞከርሁ። አንድ ነጭ ድንጋይ ምልክት አድርጌ፣ እዚያ ስደርስ ያለ የሌለ ኃይሌን ፍሬኑ ላይ አሳረፍሁ። ሰማያዊው ጭራውን እየወዘወዘም ቢሆን ቶሎ ቆመ። ግራጫው ከእሱ ሦስት እርምጃ ያህል አልፎ ሄደ፣ እግሬም ሥር ተንቀጠቀጠ። ያን መንቀጥቀጥ ከድሮ አውቀዋለሁ። በቃ ሰማያዊው ነው ብዬ ወሰንሁ።

ስንመለስ ዝናብ ጣለ። ኢድሪስ ግማሹን አይተሽ አትፍረጂ፣ አስፋልቱንም ሞክሪው አለኝ። ሰማያዊው ገና ፍሬን ስይዝ የፊት ጎማው ከሥሬ ሸሸ፤ በእግሬ መሬት ደግፌ ነው የተረፍሁ፣ ያውም በዝግታ እየሄድሁ። ግራጫውን ደግሞ አፈጠንሁትና ጨክኜ ያዝሁት። ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና እንደተገራ በቅሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም እዚያው ኮርቻው ላይ እንደተቀመጥሁ አለቀስሁ። ኢድሪስ የደነገጥሁ መስሎት ሮጦ ሄዶ የታሸገ ውኃ ገዝቶ አመጣልኝ።

ቤት ስገባ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄጄ የደምሴን ሞተር ሸራ ገለጥሁ። ትራፊክ ፖሊስ ከመለሰልን ጀምሮ እዚያው ጥግ ነው፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ኮርቻውን በቁልፉ ከፈትሁት። ፊውዙ በዳቦ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በቀይ ክር ታስሮ፣ ከሥሩ ተወሽቋል። ከሰው ሞተር የነቀልኸውን ሁሉ የሰው ንብረት ነው እያልህ እንደዚያ እየጠቀለልህ ከኮርቻው ሥር ታኖር ነበር። አብሮት ትንሽ ወረቀት አለ። ጽሕፈትህ ነው። “ደምሴ፣ አስፋልት ስትወጣ መልሰህ ክተተው፤ በተለይ በዝናብ። አደራ።”

ወንድም ጋሼ፣ ነግረኸው ነበር። በቀብሩ ላይ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ይህ እጅ ከእንግዲህ ብረት አይነካም አልህ። አርባው እንደወጣ ጋራዡን ቆልፈህ ቁልፉን ለእማዬ ሰጥተህ ሄድህ። ማስተዋል ስትወለድ አልነበርህም። እኔ ያን ጊዜ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ዝም አልሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ፣ ሰው ወንድምሽ ምን ነካው ሲለኝ ሐዘን ነው እያልሁ ኖርሁ።

ፊውዙን ያስነቀልሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ግንቦት የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ከደምሴ ኋላ ተፈናጥጬ ከጋፋት ስንመለስ፣ ከብቶች መንገዱን ዘጉት። ደምሴ ፍሬን ያዘ፣ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ አልፎ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። አልተጎዳንም፤ እሱ እንዲያውም ሳቀ። እኔ ግን ሆዴን ይዤ ጮህሁ። ይህ ነገር ካልወጣ ከእንግዲህ እዚህ ላይ አልወጣም፣ አንተም ልጅ አለኝ አትበል አልሁት። ሊያስረዳኝ ሞከረ፣ አልሰማሁትም። ነቅለህ ስጠኝ ብሎ ወደ አንተ ሲመጣ ግማሽ ቀን እንደተከራከርኸው ነግሮኛል። እኔን እንዳትቆጣኝ ብሎ የራሱ ሐሳብ አስመስሎ ነው የጠየቀህ። እንደዚህ ያለ ሰው ነበር፣ ታውቀዋለህ።

ይህ ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደምሴ አደራህን ጠብቋል። አስፋልት በወጣ ቁጥር ፊውዙ የሚሰካበትን የጎን ክዳን በዚያች እጀታዋ ቀይ በሆነች ትንሽ ካቻቢቴ ፈትቶ ይመልሰዋል፤ ኮረኮንች ሲወርድ ደግሞ ነቅሎ እንደ አንተው ጠቅልሎ ከኮርቻው ሥር ያኖረዋል። አንዳንዴ መንቀሉን ይረሳዋል፣ እኔም እጨቃጨቀዋለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከገሳይ ላም ኮርማ ፈለገች ተብሎ ተደወለለት። ዝናብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔን ይዞ በጋፋት በኩል ወደ እናቱ ዘንድ ሊወስደኝ ቀጠሮ ነበረን። አሁን ከመለሰው ይረሳዋል፣ እኔም በስድስት ወር ሆዴ እዚያ ቦይ ውስጥ እገባለሁ ብዬ ካቻቢቴዋን ከመስኮቱ አነሣሁና በቀሚሴ ኪስ ከተትኋት።

ፈለጋት። ከአልጋ ሥር፣ ከመሳቢያ፣ ከማሰሮው ማንገቻ ሥር ሁሉ ፈለጋት። አይተሻት እንደሆን ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም አልሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ፈልጎ፣ ላሚቱ ታልፍብኛለች ብሎ ተወው። የቀረውን ታውቀዋለህ። ከገሳይ ወዲህ ባለው ቁልቁለት በጎች ገቡበት፣ የፊት ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ተቆለፈ።

ፊውዙ ቢኖርስ ይተርፍ ነበር ወይ? ኢድሪስ መላክ አይደለም ብሏል፣ እኔም አላውቅም። የማውቀው አጥብቆ እንደፈለጋትና በኪሴ እንደነበረች ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ለንስሐ አባቴ ባለፈው ዓርብ ተናገርሁ። ለእግዚአብሔርስ ነገርሽ፣ ለወንድምሽስ አሉኝ። ለእማዬ ገና ነው፤ አንተ ሳትሰማ እሷ እንድትሰማ አልፈለግሁም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትለኝ ይሆናል። በለኝ፣ ይገባኛል። ያኔ አልቃሾቹ ፊት እጅህን ዘርግተህ ስታያት፣ እጁ አይደለም፣ እጄ ነው ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ሰው እንዳይጠላኝ ፈራሁ። አንተ እንዳትጠላኝ ይበልጥ ፈራሁ። ዛሬም እፈራለሁ፣ ግን ቆብህን ይበልጥ ፈራሁት።

ወንድም ጋሼ፣ ቆቡን የምትደፋው ለእግዚአብሔር ብለህ ከሆነ እኔ ማን ነኝና እከለክልሃለሁ። ማስተዋልን አዝዬ፣ እማዬን ደግፌ መጥቼ ጉልበትህን እስማለሁ። የምትደፋው ለደምሴ ደም ብለህ ከሆነ ግን፣ እባክህ፣ በእኔ ኃጢአት አንተ አትመንኩስ።

ግራጫውን መርጫለሁ። ሰኞ ለኃላፊዬ ይህንኑ እላለሁ፤ የሚስቁ ይሳቁ። ኮረኮንች ላይ ሦስት እርምጃ ቀድሜ እይዛለሁ፣ በዝግታም እወርዳለሁ፤ ይህ መማር ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ፊውዙንም ማንም አይነቅለውም። ቢጫዋ መብራት ቁልፉን ሲያዞሩት ትበራለች፣ ሞተሩ ጥቂት ሄድ ሲል ራሷ ትጠፋለች። በደምሴ ሞተር ላይ ስትጠፋ አይቻት አላውቅም፤ እንዳትረብሸኝ ብዬ እንደተሸፈነች እንድትቀር ያደረግሁ እኔው ነኝ። ትናንት ስትጠፋ አየኋት።

ፊውዙንና ወረቀትህን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌአቸዋለሁ። አደራ ማለትህን በገዛ ጽሕፈትህ አንብበው። ካቻቢቴዋን ግን አልላክሁልህም። የዚያን ዕለት ደምሴ ሄልሜቱን እያጠለቀ ከበሩ መለስ አለና፣ አየኝ፣ ፈገግ ብሎም፣ ግድ የለም፣ ስመለስ ትሰጭኛለሽ ብሎኝ ወጣ። እስከ ዛሬ እኔው ዘንድ ናት። መጥተህ አንተ ተቀበለኝ።

የገዳሙ አባቶች ጸሎት አይለይህ። ጉልበትህን ከብርድ፣ ልብህን ከእኔ ጥፋት ይጠብቅልህ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ ማስተዋልም በፎቶግራፍህ ላይ ጣቷን አሳርፋ ስምህን ለመጥራት ትታገላለች።

በኪሷ የያዘችውን ያልደበቀችህ፣
ታናሽ እህትህ