አሸናፊያችንን ከውድድር ነጻ ስላወጣችሁልን

ለተከበሩ አቶ ዘርዓብሩክ
የምዕራብ ጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር የደረጃና የካርድ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ሰላምታዬ ከጤና ምኞት ጋር ይድረስዎ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ረጅም ስብሰባ ወገብ ላይ እንደሚወጣ ስለማውቅ ዘወትር አስብልዎታለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የባሰበት ከ18 ማዞሪያ በታክሲ ወደ ቢሮዎ በመመላለስ ነውና በእርስዎ አላሳብብም፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለመድፈር ብዬ አይደለም። ቢሮዎ ቀርቤ የተናገርኩት ሁሉ «ይታያል» እየተባለ ስለቀረ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ቢቀመጥ ምናልባት እርስዎም በአጋጣሚ ያዩት ይሆናል ከሚል የዋህ ተስፋ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ፤ እርስዎ ይህን አንቀጽ ሊያልፉት ይችላሉ። የጎልፍ ባለሙያ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች የክለብ ደመወዝተኛ አይደለም። ወደ ውድድር የሚገባው የመጫወቻ ካርድ ሲኖረው ብቻ ነው። ካርዱን መጀመሪያ የሚያገኘው በዓመቱ ማብቂያ በሚደረገው የማጣሪያ ውድድር ከፊተኞቹ ጋር ሲሰለፍ ነው። ካገኘው በኋላ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነጥብ እየሰበሰበ ይቆይና በመጨረሻ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከተሰመረው መስመር በላይ መገኘት አለበት፤ ከመስመሩ በታች የወደቀ ወደ ማጣሪያው ተመልሶ ከጀማሪ ጋር ይታገላል። ውድድር ያሸነፈ ሰው ግን ለሁለት ዓመት ከዚያ ማጣሪያ ይድናል፤ ዓመቱ ቢከፋበትም ካርዱ አይነካም። በውጭ አገር ያሉት ትልልቅ ማኅበራትም በቁጥሩ ይለያዩ እንጂ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ይጫወት ነው።

አልፊያ ሽኩርን እርስዎ ያውቋታል። ባለፈው ዓመት መዝጊያ፣ ወንዱም ሴቱም አብሮ በሚጫወትበት በዚህ ትንሽ ማኅበራችን፣ ሁሉንም አሸንፋ ዋንጫውን የተቀበለችው ከእጅዎ ነው። አባቷ ሽኩር ኮልፌ ገበያ የበር ቁልፍና ማጠፊያ ይሸጣል። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ባሕር ዛፍ ሥር ገብቶ፣ ሁላችንም አበቃላት ብለን ስንተወው፣ ጎንበስ ብላ በቅጠሉ መሃል ያወጣችውን ምት ያጨበጨቡለት እርስዎ ነበሩ። ጭብጨባዎ አሁንም በጆሮዬ አለ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ አንዲት ቃል። የመመሪያችን ዘጠነኛ አንቀጽ ድሮ «ውድድር ያሸነፈ ተጫዋች ለሁለት ዓመት ከማጣሪያ ውድድር ነጻ ይሆናል» ይል ነበር። ዘንድሮ ተሻሽሎ፣ በጥሩ ወረቀት ታትሞ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ሲጸድቅ «ማጣሪያ» የምትለዋ ቃል በጽሕፈት ላይ ወደቀችና «ከውድድር ነጻ ይሆናል» ብሎ ወጣ። ቃል መውደቁ ያለ ነገር ነው። የወደቀን ቃል አንስቶ ቦታው መመለስ ግን ይህን ያህል ወገብ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አልፊያ ለመክፈቻው ውድድር ልትመዘገብ ስትመጣ የበሩ ጠባቂ ባጫ፣ ቅን ሰው ነውና፣ «አንቺ እኮ ነጻ ነሽ! ምን ፍለጋ መጣሽ? ሂጂ ተኚ እንጂ!» ብሎ በደስታ መለሳት። ይዣት ወደ ቢሮ ስገባ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ወለተጻድቅ የልጅቱን እንባ አይተው «ውይ አባባ፣ ሰው ነጻ ወጣሽ ተብሎ ያለቅሳል እንዴ?» አሉኝ። እርስዎ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ነበሩ። «ጋሼ፣ ስህተት መሆኑን እኛም አይተነዋል፤ ግን ጸድቋል» አሉኝ። ለዚህ ግልጽነትዎ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። በዕድሜዬ ስህተቱን የሚክድ ባለሥልጣን ብዙ አይቻለሁ፤ አምኖ፣ ማኅተም አድርጎ፣ በክብር የሚያኖረው ግን እርስዎን ነው ያየሁት።

ሁለተኛ፦ ስለ አሥራ አራተኛው አንቀጽ። ይህኛው አንድም ቃል አልወደቀበትም። «በውድድር ዘመኑ ምንም ያልተጫወተ ባለካርድ ካርዱ ይሰረዛል» ይላል። ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኳቸው። አልፊያ ስላሸነፈች እንዳትጫወት ተደረገች፤ ስላልተጫወተች ደግሞ ካርዷን ታጣለች። ታማ የቀረች ብትሆን ኖሮ ደህና ነበር፤ የታመመ ሰው ሲድን ያመለጡትን ውድድሮች የሚያካክስበት አንቀጽ አለን። በዚያ በኩል ይታይላት ብዬ ጠየቅኩ። ማሸነፍ እንደ ሕመም አይመዘገብም ተባልኩ፤ ትክክለኛ መልስ ስለሆነ አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ወደ ናይሮቢው የክፍለ አህጉር ማጣሪያ የሚላከው ሰው የሚመረጠው በዚህ ቅዳሜ በመክፈቻው ከተጫወቱት መሃል ነው። አልፊያ ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ እስኪያባራ ዛፍ ሥር ተጠልላ እየጠበቀች፣ ሲያባራ እየወጣች ስትለማመድ የከረመችው ለዚህች ቀን ነው። ቅዳሜ ካልተጫወተች በዚህ ዓመት የትም አትሄድም፤ ዓመቱ ሲያልቅም በእጇ ካርድ የለም።

ሦስተኛ፦ ስለ ስፖንሰሩ እንግዳ። ስፖንሰር የፈለገውን ሰው ከማጣሪያ ነጻ አድርጎ በግብዣ የሚያስገባባቸው ጥቂት ቦታዎች በሌላም አገር አሉ፤ አልቃወምም። ዘንድሮ በዚህ ቦታ የተጠራው ወጣት ካርድ የለውም፣ ማጣሪያ ቀርቦ አያውቅም፣ ነጥብም የለውም። ባለፈው ልምምድ ላይ የመታው ኳስ ከሜዳው ወጥቶ የራሱን መኪና መስታወት ሰብሯል፤ ርቀቱን አድንቄያለሁ። ይህ ወጣት በር ላይ ሲደርስ ባጫ ከስሙ አጠገብ «ነጻ» የሚል አንብቦ አስገባው። ቃሉ ያው ቃል፣ በሩ ያው በር፣ ጠባቂውም ያው ባጫ ሆኖ ሳለ፣ ለእሱ ነጻ ማለት ግባ፣ ለእሷ ነጻ ማለት ውጪ ማለት ሆነ። ቋንቋችን ሰፊ መሆኑን አውቅ ነበር፤ እንዲህ በሰው ልክ እንደሚሰፋ ግን ያወቅኩት በእርስዎ ዘመን ነው።

አራተኛ፦ አራተኛው ቅሬታዬ የተጫዋቾችን መጸዳጃ ቤት ይመለከት ነበር። የበሩ ቁልፍ ከተሰበረ ወዲህ የገባ ሰው እስኪወጣ ድረስ እያፏጨ ይቆያል፤ ሁላችንም ለምደነዋል። ሽኩር «ቁልፉን እኔ በነጻ ልስጥ» ብሎ ነበር። «በነጻ» የሚለውን ቃል ስሰማ ደነገጥኩና ተወው አልኩት። ስለዚህ ይህን ቅሬታ ሰርዤዋለሁ፤ ደክሞኛልም።

አምስተኛ፦ ስለ ልጅቱ ስም። ኮልፌ ውስጥ ወሬ በፍጥነት እንደሚሄድ አይጠፋዎትም። «አልፊያ ነጻ ወጣች» ሲባል የሰማ ሰፈርተኛ «እሰይ! ለመሆኑ ክሱ ምን ነበር?» እያለ አባቷ ሱቅ ድረስ ይመጣ ጀመር። ሽኩር ታጋሽ ሰው ነው። ባለፈው ግን ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ቤቴ መጣና፣ ግባ ብለውም ከደጃፉ ሳያልፍ፣ «ጋሽ ገብረአምላክ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይደብቁኝ፤ ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» አለኝ። «አሸንፋ ነው» አልኩት። «እሱንማ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን አደረገች?» አለኝ። ጥያቄውን ለእርስዎ አደርሳለሁ ብዬ ሸኘሁት። እርስዎ መልስ ካለዎት ሱቁ እስከ ማታ ክፍት ነው።

ተጫዋቾቹም ከመመሪያው ትምህርት ወስደዋል። ቢቂላ የሚባለው፣ ከመሃላችን እጁ የተባረከው ልጅ፣ «አባባ፣ እኔ ዘንድሮ ሁለተኛ ነው የምወጣው፤ አንደኛ መውጣት ካርድ ያስበላል» እያለ ያሾፋል። ሌሎቹ ይስቃሉ። ሲስቁ ቆይተው ደግሞ ኳሱን ከጉድጓዱ ጥቂት አሳጥረው መምታት ይለማመዳሉ። ሳቁን እችለዋለሁ፤ ያ ልምምድ ነው ያደከመኝ። ሁለተኛ ለመውጣት የሚለማመድ ሰው የሞላበት ማኅበር እርስዎ ሊመሩት ይችሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ልጫወትበት አልችልም።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ዋንጫ ባገኘሁበት ዘመን መመሪያ የሚባል አልነበረንም፤ ስለዚህ ያሸነፈ ሰው ይጫወት ነበር። በቀድሞ አሸናፊነቴ የዕድሜ ልክ ካርድ ይዣለሁ፤ ዛሬ ዛሬ ኳሴ ከመታሁት ቦታ ብዙ ባይርቅም የቅዳሜው ተራ የሚጀምረው በስሜ ነው። ቦታዬን ለአልፊያ ልልቀቅላት ብዬ ጠይቄ «መብት አይተላለፍም» ብለውኛል። በዚህ ከእርስዎ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ለእሷም ስነግራት «አባባ፣ የእርስዎን ቦታ ምን ላደርገው? እኔ የራሴን ነው የምፈልገው» አለችኝ። እናንተ ሦስታችሁን፣ እርስዎን፣ መመሪያውንና ልጅቱን፣ በአንድ ነገር ስትስማሙ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ነገር ግን ያልተጻፈ፣ ስላልተጻፈም ቃል ሊወድቅበት የማይችል አንድ ልማድ አለን። የውድድር ዘመኑን የመጀመሪያ ኳስ የሚመታው በሕይወት ካሉት አሸናፊዎች በዕድሜ የገፋው ነው፤ እሱ ሳይመታ ማንም አይመታም። እርስዎም በየዓመቱ ንግግርዎ ላይ ይህን ልማድ «ውርሳችን» እያሉ ያሞግሱታል። ዘንድሮ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ የለምና ተራው የእኔ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እግዜር ካለ፣ መምቻዬን ይዤ እቆማለሁ። ኳሴን አስቀምጣለሁ። የአልፊያ ሽኩር ስም ከተጫዋቾቹ ጋር በድምፅ ማጉያው እስኪጠራ ድረስ አልመታም። አልጮህም፤ ለመጮህ አቅሙም የለኝም። መቆም ግን እችላለሁ፤ ወጣትነቴን የጨረስኩት መምቻ የሞላ የሰው ቦርሳ ተሸክሜ፣ ሰው እስኪመታ ቆሜ በመጠበቅ ነው። ለክብር እንግዶቹ ጥላ ቢዘጋጅላቸው ደግ ነው፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይከራል። እርስዎም ከመድረኩ ላይ ሆነው እኔን፣ ከጎኔ ቦርሳዋን አንግታ የምትቆመውን ልጅ፣ ከኋላችን የተሰለፉትንም ሁሉ ከፊትዎ ያገኙናል። ይታያል ያሉኝ ጉዳይ ያን ጊዜ በእርግጥ ይታያል።

እስከዚያው ድረስ ለወገብዎ ዕረፍትን፣ ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወደቀችው ቃልም የሚያነሳት ሰው እየተመኘሁ፣ ከማይናወጥ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ገብረአምላክ ያደሳ
የቀድሞ አሸናፊ፣ እስካሁን ነጻ ያልወጣ
ኮልፌ ቀራንዮ

ማስታወሻ፦ ትናንት በበሩ ላይ «ለቅዳሜው መክፈቻ መግቢያ በነጻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። በኮሚቴዎ አተረጓጎም ማንም እንዳይገባ ማለት መሰለኝና ባጫን ጠየቅኩት። እሱ ኮሚቴ ውስጥ ስለሌለ «ነጻ የሆነ ሁሉ ይግባ ማለት ነዋ!» አለኝ። ይህንኑ ለአልፊያ ነግሬያታለሁ። ያጸደቃችሁት መመሪያ እንደሚመሰክረው፣ በማኅበራችን ከእሷ የበለጠ ነጻ የሆነ ሰው የለም።