በብረት ሳጥንህ ያገኘሁት ብልቃጥ

አያሌው፣ የኔ ሰው፤

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም በጣራ ገዳም በኩል ደመናውን እየነዳ መጥቷል። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም። በሕይወት ሳለህም ለዚህ ጥያቄ ከ«ደኅና» ሌላ መልስ ሰጥተህ አታውቅም፤ ልብህ እየደከመ በነበረበት ሰሞን እንኳ «ደኅና» ነበርክ። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም። ሐሙስ ጥዋት መንገዱ ሰላም ከሆነ ይበልጣልን ይዤ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ የልጃችንን ልብ ሊያዩት ነው። ከዚያ በፊት ላንተ መናገር ያለብኝ ነገር አለ።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ። ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ከቆርቆሮው በላይ ሆኗል፤ ነፋስ ባለ ቁጥር ይወድቅብናል እያልኩ እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አላደረገውም። ሜዳው እንደምታውቀው ነው፣ ክረምት ሩዝ፣ በጋ ጓያ። መገንጠያው ላይ ባጃጁ ከሰው በዝቷል። እኔ አሁንም የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ፤ ተማሪው ወደ ስልኩ ስለሄደ ለማንበብ የሚከለክለኝ የለም። ከብት የምታክምበት የብረት ሳጥንህም አልጋው ሥር እንዳለ ነው። እንዳለ ነው ብዬ የማስበው ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ነበር።

አንተ ካረፍክ በኋላ ይበልጣል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አርባህ ወጣ፣ ሰማንያህ ወጣ፣ እሱ አልተነሣም። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ እንደ አራስ አልጋ ላይ ዋለ። ምግብ አስገባለሁ፣ ያንኑ ምግብ አወጣለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ «ጠበል ውሰጂው» አሉኝ፤ ወሰድኩት። ተጠመቀ፣ መጣ፣ ተኛ።

በዚያው ሰሞን ወደ ደብረ ታቦር መታጠፊያው ላይ ያለው አሮጌ የሩዝ መፈልፈያ ተዘግቶ ጂም ሆነ። ዐቧራው ከጣሪያው ገና አልለቀቀም ነበር፤ ልጆቹ ብረት ጥለው መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የሩዝ ገለባ ይዘንብባቸዋል። ብረቱም የተፈታ የጭነት መኪና አካል ነው፤ ጋራዥ በይዶ ያዋደደው። አብሮ አደጉ አንድ ቀን እጁን ጎትቶ ወሰደውና ሲመለስ «እማዬ ራበኝ» አለ። ያን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር መሰለህ። እንቁላል ጠበስኩ፤ ስድስት በላ። እኔ ወጥቼ ማድቤት ውስጥ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት አልነበረም፣ በሽንኩርት ማሳበብ አልቻልኩም።

ይህን የምነግርህ ፍርድህ እንዳይዛባ ነው። ያ ብረት ልጃችንን ከአልጋ አንሥቶታል። ይህን የሚክድ ሰው ቢመጣ የምጣላው እኔ ነኝ።

ከዚያ አደገ። መጀመሪያ ደረቱ ሰፋ፣ ቀጥሎ አንገቱ ጠፋ። ያንተን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ክንዱን ቢያጥፍ ትከሻው ላይ ተተረተረ። በአንድ ዓመት የማይመጣ ሥጋ በሁለት ወር ሲመጣ እያየሁ አንድም ቀን ከየት መጣ አላልኩም። አንተ ታውቃለህ፣ በኛ አገር መወፈር ጤና ነው፤ የከሳ ሰው ነው ምን ሆነህ ተብሎ የሚጠየቀው። እትዬ ዘውዴ «አንቺ፣ ይኸን ልጅ ምን አበላሽው?» ሲሉኝ «እንቁላል» አልኩ፣ በኩራት። የንስሐ አባታችን በሁዳዴ እኩሌታ መጥተው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ጾሙ ተስማምቶታል» አሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የእንቁላሉን ቅርፊት ጓሮ የምቀብረው እኔ ነበርኩና።

ኋላ ሌላ ነገር ያዘው። ጀርባው ሽምብራ በሚያካክል ብጉር ተሸፈነ። ከባጃጅ ነጂዎች ጋር በማይረባው ይጋጫል። አንድ ቀን የጓዳው በር ቢያስቸግረው በትከሻው ገፋው፤ በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ይዞት ቆመ፤ የት እንደሚያስቀምጠው የጠፋው ይመስል ነበር፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ «ጉርምስና ነው» አልኩ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው እኮ።

በተጋባን በዓመቱ፣ ለፋሲካ ቅርጫ በሬ ልንመርጥ ገበያ የወረድን ዕለት ትዝ ይልሃል? ጎረቤቱ ሁሉ አንተን ከብት አዋቂውን ላከ፤ እኔ ተከተልኩህ። የሚያብለጨልጭ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ ቀይ በሬ አየሁና «ይኸ ነው» አልኩህ። አንተ በሬውን ዞርከው። የጭራውን ሥር ዳበስክ፣ ከጎድኑ ኋላ አውራ ጣትህን ተጫንክና ጠበቅህ። «ሥጋ ከሆነ ጣትሽን ይመልሰዋል፤ ውሃ ከሆነ ተጋድሞ ይቀራል» አልከኝ። ነጋዴው ጨው አልሶ ውሃ አጠጥቶ ነበር ያመጣው። ሰውዬው አላፈረም፤ «ሚስትህ ዐይን አላት፣ አንተ ጣት ብቻ ነህ» ብሎ ሸኘህ። ገበያው ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ማታ እራት ላይ ሁለት ጊዜ ደገምከው።

እንግዲህ የዚያ ሰው ሚስት ነኝ፣ በገዛ ቤቴ የተታለልኩት።

ባለፈው ሳምንት የእትዬ ዘውዴ ጥጃ እግሯ ቆስሎ «የአያሌው የቁስል መድኃኒት ተርፎ እንደሆነ» ብለው መጡ። ሳጥንህን ሳብኩት። መቆለፊያው ዘይት ተቀብቷል። ከላይ ሁሉ ነገር እንደ ነበረ ነው፤ ከሥር፣ ኮርማ እየቀጠቀጥህ ስታኮላሽበት የነበረው ትልቁ ጉጠት አጠገብ፣ በካልሲ የተጠቀለሉ ብልቃጦችና መርፌዎች አገኘሁ። በአንዱ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። እትዬ ዘውዴን መድኃኒቱን ሰጥቼ ሸኘሁና መነጽሬን አደረግሁ።

ስቴሮይድ ነው፣ ጡንቻ የሚያሳብጥ መርፌ። ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት። ለምን እንደሚጠቅም ጥቂት መስመር ነው። ምን እንደሚያደርግ ግን ወረቀቱን ገልብጬ፣ ደግሜ ገልብጬ አላልቅ አለኝ። ልብ፣ ጉበት፣ የደም ግፊት፣ ጠባይ። ከውጭ ሲሰጡት ሰውነት የራሱን የወንድነት ቅመም፣ ሆርሞኑን፣ መሥራት ያቆማል፤ ፍሬው ይኰሰምናል፣ ዘርም ሊያሳጣ ይችላል። ያን ጊዜ ጉጠትህን አየሁት። አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ዕቃ፣ ሥራቸው ተቀራራቢ፤ ልዩነቱ ጉጠቱ ስለ ሥራው አለመዋሸቱ ነው። ኮርማውም ራሱ ፈቅዶ አልመጣም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። የካልሲው ላስቲክ ቅልጥሙ ላይ እንደ ገመድ ሰርጉዶ ታተመ። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ጎንበስ ብዬ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አውራ ጣቴን ተጫንኩ፤ አነሣሁት። ጉድጓዱ ቀረ። አያሌው፣ ሽሮ የሚወጣበት ማንኪያ ያረፈበት ይመስል ነበር፣ አልሞላም አለ። እሱም አየው። አንተ አስተምረኸዋል፣ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገብቶታል።

«ጨው አልላስኩም እማዬ» አለኝ።

ብልቃጡን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር፤ የማነብ ሰው ስለሆንኩ የምለውም ተሰድሮ ነበር። እሱ ቀደመኝ። መጀመሪያ ተከራከረ፤ «ሐኪም ለሰው ያዘዋል እኮ፣ መርዝ ቢሆን ያዘዋል ወይ?» አለ። «ድርቆሽ ሣርም ምግብ ነው፣ ለማን ነው ነገሩ» አልኩት። ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ከዚያ እግሩን እያየ የማላውቀውን ነገረኝ።

ያን ዕለት፣ ሩዙን ስታርሙ ከጭቃው ላይ ስትወድቅ፣ ከማሳው እስከ አስፋልቱ ተሸክሞህ ሦስት ጊዜ አስቀምጦሃል። ሦስቱንም ቦታ ያውቀዋል። አንዴ በማሳው ድንበር ላይ፣ አንዴ ከግራሩ ሥር፣ አንዴ ደግሞ አስፋልቱ እየታየው። «እጄ ከዳኝ። ባሁኑ ጉልበቴ ቢሆን አላስቀምጠውም ነበር» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት የሚያነሣ መስሎኝ ነበር። አንተን ነው የሚያነሣው።

ጤና ጣቢያ የወሰድኩት በዚያው ቀን ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ልጄ ብትሆን ደስ የሚለኝ ዓይነት፤ አልጮኸችበትም። ግፊቱን ለካች፤ እንደገና ለካች፤ ሌላ መለኪያ አስመጥታ ለካች። መለኪያ ሲቀየር እኔ ወንበሩን ያዝኩ። ከዚያ እንዲህ አለችው፤ ይህ ነገር ሰውነቱ ራሱ መሥራት ላቃተው ሰው፣ በረጅም በሽታ ለመነመነ ሰው፣ በልክና በክትትል ይታዘዛል፤ ይጠቅማልም። ጡንቻ አያሳድግም ብልህ ዋሸሁህ፣ ያሳድጋል። «ልብህም ጡንቻ ነው፤ እሱ ግን ሲወፍር አይበረታም» አለችው። ጓደኛ ከጓደኛ ያመጣው ብልቃጥ ውስጥ የተጻፈው ይኑር አይኑርም እግዜር ነው የሚያውቀው አለች። ቀጥላ «አባትህ በምን አረፉ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እሷም መልሱን ጻፈች።

«ብቻህን አትቀጥል፣ ብቻህንም አታቁም» ብላ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠችው። የባሕር ዳሩን ወረቀትም የጻፈችልን እሷ ናት። ለእኔ ደግሞ በሩ ላይ ለብቻዬ ነገረችኝ፤ የራሱ ቅመም እስኪነቃ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ በዚያ መካከል ጉልበቱ ይወርዳል፣ መንፈሱም ሊጨልም ይችላል፣ ዓይንሽን አትንቀዪ አለችኝ።

እንግዲህ ፍርሃቴ ይኸው ነው። ካልተወው ልቡ እንዳንተ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ከተወው ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳያዞር እፈራለሁ። ጥዋት የክፍሉ በር እስኪከፈት ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ዘግይቶ ከተነሣ አልጋው አጠገብ ሄጄ የማልፈልገውን ነጠላ እፈልጋለሁ። ብልቃጦቹን ራሱ ለሐኪሟ አስረክቧል። ጂም መሄዱን አልከለከልኩትም፣ ሐኪሟም ቀለል ባለ ብረት ፈቅዳለታለች። ትናንት ሲመለስ ግን ራበኝ አላለም።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። የዚያን ዕለት ባጃጁ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ደውለውልኝ ከትምህርት ቤት ይዤው መጣሁ። አንተን ጉልበቴ ላይ አጋድመን ለእሱ ቦታ አልነበረም፤ ጭቃ እንደተለወሰ በእግሩ እየሮጠ ተከተለን። ስለዚህ ያልከውን አልሰማም። ከመገንጠያው ሳናልፍ ዓይንህን ገልጠህ ወደ ኋላ ለማየት ሞከርክና «ልጁ አደረሰኝ እኮ» አልክ። ሌላ ቃል አልተናገርክም።

ለእሱ አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ካንተ የቀረኝ የመጨረሻ ቃል እሱ ብቻ ነበር፤ ለሌላ ሰው ብናገረው የሚሳሳብኝ መሰለኝ። ለብቻዬ ያዝኩት። ልጁ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት እያለ በመርፌ ሲወጋ፣ መድኃኒቱ እኔ አፍ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። የብረት ሳጥን ያለኝ እኔም ነኝ።

ሐሙስ በሚኒባሱ የመስኮቱን በኩል እሰጠዋለሁ። ሜዳውን ይየው፣ ግራሩም ያልፈዋል። ሐሙሲት ከተማ ሳንደርስ እነግረዋለሁ፤ ባሕር ዳር ስንደርስ የሚያዩት ልብ ይህን የሰማ ልብ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ውጤቱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንተ ዘንድ የሚሰማ ካለ ንገርልኝ።

ቃል የምገባልህ አንድ ነው። እስከ ዛሬ አንተን ሳስብ የማስበው ከጭቃው ላይ ሲያነሡህ ነበር። ከእንግዲህ በገበያው መካከል፣ ሰው እየሳቀብህ፣ ጣትህን ተጭነህ የምትጠብቀውን ሰውዬ ነው የማስታውሰው። ለልጅህም የምነግረው ስለ እሱ ነው።

ዛሬ ጥዋት ገና ሳይነሣ ቅልጥሙን ተጫንኩት። ጉድጓዱ ዘገየ፤ ግን ሞላ። እሱም ዓይኑን ሳይገልጥ «ሥጋ ነው ውሃ?» አለኝ። «ዝም በል፣ ገና እየጠበቅሁ ነው» አልኩት።

ያንተው ጥሩዬ
ወረታ