መርዶ ከሮም ወደ ስቶክሆልም

ውዷ እማዬ፣

ከተለየሽን ወር ሊሞላሽ ነው። የዕድሩ ድንኳን ተነሥቷል፣ ወንበሩም ተመልሷል። ፎቶሽን ሳሎን ሰቅለነዋል፤ ስለዚህ እህቴ ሔለን ከስቶክሆልም በቪዲዮ ስትደውል ስልኬን ወደ ፍሪጁ አዞራለሁ። ልጅሽ ከቤታችን የምታየው ፍሪጁን ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ አዲስ ገዛችሁ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ።

አልነገርናትም። እዚያ ብቻዋን ናት፤ ትልልቆቹ መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። ሮም ያለው ወንድምሽ ጋሼ ተፈራ ሄዶ እንዲያረዳት ተወሰነ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ እስኪታደስም ጠበቅን። እስከዚያ አንቺን ደራ ላክሁሽ። እማዬ እህቷ ታማባት ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክም የለም አልኳት። በሕይወትሽ ደራ አንድ ሌሊት አድረሽ የማታውቂው ሴት፣ ሞተሽ ከረምሽበት።

ዛሬ ጋሼ ተፈራ አየር ላይ ነው። ከሮም ስቶክሆልም ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔና አንቺ ከአዳማ ደራ ደርሰን ለመመለስ ከዚያ በላይ ይፈጅብን ነበር፤ ግማሹን መናኸሪያ ተቀምጠን፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ። አንቺ ሹፌሩን ትቆጪዋለሽ፣ እሱ ይስቃል። ምነው ዛሬም ሹፌሩ ያ ሰው በሆነ። ይህኛው አውሮፕላን ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ተነሣ።

በስልኬ እየተከታተልኩት ነው። ካርታው ላይ ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን ትሳባለች። አልፕስን አለፈች፣ ጀርመንን አጋመሰች። ከጋሼ ተፈራ ጎን የተቀመጠው ሰው ስለ አየሩ ጠባይ እያወራው ይሆናል።

የሔለን ጓደኞች ነገ ማለዳ ከጋሼ ተፈራ ጋር ሆነው ሊነግሯት ተስማምተዋል። የእኛ ሰው ምስጢር ሲጠብቅ ግን ታውቂዋለሽ፤ አንዷ ነገ ቤት ነሽ ወይ አለቻት፣ ሌላዋ ስንት ወንበር አለሽ ብላ ጠየቀቻት። ሔለን ነገሩ ገባኝ ብላ እየሳቀች ደወለችልኝ። ልደቷ ቀርቧል፤ በድብቅ ሊደግሱላት ነው፣ አጎቷም የሚመጣው ለዚያ ነው ብላ አምናለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ለነገ ቀይ ቀሚስ አውጥታለች። እኔ ወሬ ለማስቀየር ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት፤ ይህንንም እንደ ማረጋገጫ ወሰደችው።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። ጋሼ ተፈራን ልትቀበለው አየር ማረፊያ ትሄዳለች፤ ሲወጣ እህትና ወንድም በስልክ እንድትተያዩ፣ እንደምንም ብዬ ከደራ እንዳስመጣሽ።

አውሮፕላኑ ካረፈ ቆይቷል። አሁን ስልኬ እየጠራ ነው፣ እሷ ናት። አነሣዋለሁ፣ እማዬ መንገድ ላይ ነች፣ ልትደርስ ነው እላታለሁ። ስላንቺ የምዋሸው የመጨረሻው ውሸት ይህ ነው። ከነገ ጀምሮ ለእሷም ለራሴም የምተርካት እናት አንቺው ትሆኛለሽ፤ ቁጡዋ፣ ችኩሏ፣ የልጆቿን ሳቅ የማትጠግበዋ። አልረሳሽም፣ እማ። ነገ ስትጮህም አብሬያት እጮሃለሁ፤ እስካሁን ለአንቺ ጮክ ብዬ አላለቀስኩም።

ልጅሽ